ጓደኞቼ ማዕበል ሊጋልቡ ነው፤ እኔ ግን መዋኘት አልችልም

«ሰላም እትዬ፤ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 29 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አምስት የምንቀራረብ ጓደኛሞች ነን። ከገና በኋላ ለአንድ ሳምንት ኮስታሪካ፣ ታማሪንዶ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለመሄድ ቲኬት ቆርጠናል። ከሳምንቱ አንዱን ቀን በጀልባ ዊችስ ሮክ ወደሚባል ሩቅ የሰርፍ (ቦርድ ላይ ሆኖ ማዕበል የመጋለብ) ቦታ ሄደን ማታ ልንመለስ ነው። አራቱም ጓደኞቼ ይዋኛሉ፤ ሦስቱ ሰርፍ ያደርጋሉ። እኔ መዋኘት አልችልም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ወደ ሐይቅ ሽርሽር ስንሄድ እናቴ ‹ውሃው ዳር እንዳትደርሺ፤ ይወስድሻል› ብላ ነበር የምትልከኝ። ችግሩ፣ አምና ስለ ዋና ወሬ ተነሥቶ ‹ትንሽ ትንሽ እችላለሁ› ብያቸዋለሁ። አፍሬ ነው። አሁን የጀልባውን ቀብድ ከፍለዋል። እውነቱን ብናገር በእኔ ምክንያት ቀኑ ሊበላሽ ነው። ብቀር ደግሞ ‹ምን ሆና ነው?› ይሉኛል። ዝም ብዬ ሄጄ ጀልባው ላይ ብቀመጥስ? ምን ይሻለኛል?
ሀ. ነኝ፣ ከሜሪላንድ»

ውድ እህቴ ሀ.፣

ሂጂ። ግን ሳትነግሪያቸው እንዳትሄጂ።

ይህን የምልሽ ልቆጣሽ ፈልጌ አይደለም። «ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» የሚለውን ነገር ስንቱ ይለዋል። በተለይ እኛ ባሕር በሌለበት አድገን፣ በአምስት ዓመታቸው ገንዳ ውስጥ ከተጣሉ ሰዎች ጋር ስንውል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጓደኞችሽ የዚያን ቀን ዕቅድ ያወጡት አምስት ዋናተኛ አለን ብለው ነው። ጀልባውን የመረጡት በዚያ ሐሳብ ነው። እዚያ ሲደርሱ ቦርዳቸውን ይዘው የሚበታተኑትም በዚያው ሐሳብ ነው። አንቺን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ማንም የለም፤ አያውቁማ።

ጀልባው ላይ ልቀመጥ ላልሽው፣ መጀመሪያ ጉዞው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ዊችስ ሮክ ከባሕሩ ውስጥ ብቻውን የቆመ ትልቅ ቋጥኝ ነው። በስፓኒሽ ፔኛ ብሩሃ ይሉታል። ፊት ለፊቱ ያለው የባሕር ዳርቻ ፕላያ ናራንሆ ይባላል፤ የሳንታ ሮሳ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ሆቴል የለም፣ ሱቅ የለም፣ ወደብ የለም። ከታማሪንዶ በጀልባ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል። ጀልባው ሲደርስ ከማዕበሉ ውጭ፣ ጥልቁ ላይ መልሕቁን ይጥላል። ሰርፈሮቹ ከጀልባው ይዘላሉ፤ ቦርዳቸው ላይ ተኝተው በእጃቸው እየቀዘፉ ወደ ማዕበሉ ይሄዳሉ። አሸዋውን መርገጥ የሚፈልግም ብዙውን ጊዜ በዋና ነው የሚደርሰው።

እንግዲህ አስቢው። ረፋድ ላይ አራቱም ዘለው ውሃ ውስጥ ናቸው። አንቺ ከካፒቴኑ ጋር ቀርተሻል። ጀልባው ቆሞ ግራና ቀኝ ይናጣል፤ የቆመ ጀልባ ከሚሄደው የበለጠ ያስመልሳል። ፀሐዩ አናትሽ ላይ ነው። ከዚያ አንዷ ጓደኛሽ ከውሃው ውስጥ «ነይ እንጂ! ዝለይ፣ ደስ ይላል!» ትልሻለች። የምትጠራሽ ስለምትወድሽ ነው። ያኔ ሁለት ምርጫ ነው የሚኖርሽ። ወይ ካፒቴኑና ሌሎቹ እየሰሙ «መዋኘት አልችልም» ማለት፣ ወይ መዝለል። አምና ሳሎን ውስጥ ተቀምጠሽ ያልቻልሽውን እዚያ ትችይዋለሽ ብዬ አላምንም። እኔን የሚያስፈራኝ መዝለልሽ ነው። በይሉኝታ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ ከአሁኑ ተናገሪ። ጉባኤ ጠርተሽ አይደለም። ከአራቱ በጣም ለምትቀርቢያት መጀመሪያ ንገሪያት፤ ከዚያ በጋራ ለምትጻጻፉበት ግሩፕ አጭር መልእክት ላኪ። ቃሉ ከጠፋሽ ይኸው፦

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና ትንሽ መዋኘት እችላለሁ ብዬ ነበር፤ አልችልም። ጉዞውን መቅረት አልፈልግም። ከጀልባ መዝለል ግን አልችልም። ዊችስ ሮክ የምንሄድበትን መንገድ አብረን እናስብበት። እስከዚያ ዋና ልማር ልመዘገብ ነው።»

በቃ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። ስለ እናትሽና ስለ ሐይቅ ማስረዳት የለብሽም፤ ማውራት ካማረሽ ግን ቡና ላይ አውሪላቸው፣ ጥሩ ወሬ ነው።

«ቀኑ ሊበላሽ ነው» ላልሽው፣ አይበላሽም። ወደ ናራንሆ በየብስም ይኬዳል። ከሊቤሪያ ከተማ በስተሰሜን በዋናው አውራ ጎዳና 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ወደ ፓርኩ ትገባላችሁ። ከፓርኩ ውስጥ እስከ ባሕሩ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። መንገዱ ድንጋያማና ገደላገደል ነው፤ ፎር ዊል መኪና ግድ ይላል። ከግንቦት እስከ ኅዳር ባለው ዝናብ ይበላሻል፤ በዚያ ወቅት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እናንተ የምትሄዱት በጥር፣ በደረቁ ወቅት ነው። ቢሆንም ፓርኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ መኪና እንዳትከራዩ። ሰርፈሮቹ ጀልባውን የግድ ካሉ ደግሞ ተከፈሉ። ሦስቱ በጀልባ፣ አንቺና አራተኛዋ በመኪና ሄዳችሁ አሸዋው ላይ ትገናኛላችሁ። ቀብዱም አይባክንም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን መኪናውን ነው የምመርጠው። መንገድ ላይ ላ ካሶና የሚባል የድሮ የእርሻ ቤት አለ። ዊልያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ወራሪ ኒካራጓን ከያዘ በኋላ ጦሩን ወደ ኮስታሪካ ልኮ ነበር። ኮስታሪካውያን መጋቢት 20 ቀን 1856 እ.ኤ.አ. እዚያ ቤት ላይ ገጥመው አባረሩት። ውጊያው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም ይባላል። ከአድዋ 40 ዓመት በፊት፣ በዚያው በፈረንጆቹ መጋቢት ወር መሆኑ ነው። ቤቱን በ2001 እ.ኤ.አ. አዳኞች አቃጥለውት እንደገና ተሠርቷል። የኛ ሰው ሄዶ ቢያየው ደስ የሚለው ይመስለኛል። ዙሪያው ያለው ጫካም በመካከለኛው አሜሪካ እየጠፋ ያለ ደረቅ የሐሩር ደን ነው፤ አካባቢው በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጦጣው ዛፍ ላይ ሲጮኽ ከሩቅ ይሰማል። አየሽ፣ የማይዋኝ ሰው የሚያየው ሞልቷል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልንገርሽ።

እናትሽ ሐይቅን «ይወስድሻል» ስትልሽ ለልጅ ጥሩ ማስፈራሪያ ነበር። የሐይቅ ውሃ ግን በአብዛኛው ባለበት ነው። የሚወስደው ባሕር ነው። ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣ ብዙ ውሃ አሸዋው ላይ ይከምራል። ያ ውሃ ተመልሶ መውጣት አለበት። ዝቅ ያለች ቦታ፣ በሁለት የአሸዋ ክምር መሃል ያለች ክፍተት ካገኘ በዚያ በኩል ተሰብስቦ ወደ ውጭ ይሮጣል። ይህን ሪፕ ከረንት ይሉታል። በሰርፍ ዳርቻዎች ላይ ነፍስ አድን ሠራተኞች ከሚያወጧቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ ጅረት የተወሰዱ ናቸው። ጅረቱ ሲበረታ በሰከንድ ከሁለት ሜትር በላይ ይሄዳል። ያን የኦሊምፒክ ዋናተኛም አይረታውም።

ክፋቱ ደግሞ መልኩ ነው። ማዕበል የሚሰበርበት ቦታ ነጭ አረፋና ጫጫታ ስለሆነ ሰው ይፈራዋል። ጅረቱ ያለበት ቦታ ላይ ግን ማዕበሉ አይሰበርም። ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ ይመስላል። መዋኘት የማይችል ሰው «እዚህ ጋ ይሻላል» ብሎ የሚመርጠው እሱኑ ነው። ስለዚህ ስትደርሱ ወዲያው እግርሽን አትንከሪ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነሽ አሥር ደቂቃ ያህል ተመልከቺ። አረፋ ወይም ቅጠል ወደ ውጭ የሚሄድበት፣ ማዕበሉ ተከፍሎ የሚያልፈው መስመር ካለ ከዚያ ራቂ። ሰርፈሮቹን ጠይቂያቸው። እነሱ ያውቁታል፤ ሳይደክሙ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚጠቀሙበት እሱን ነው።

የውሃው ልክ ለአንቺ ጉልበት ነው። ከጉልበት በላይ አትግቢ። ወገብ ላይ የደረሰ ውሃ በዚያ ዳርቻ ሰው ከእግሩ ያነሣል። ደግሞ ጠዋት ጉልበትሽ ድረስ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ነው። በዚያ የፓስፊክ ዳርቻ ባሕሩ በስድስት ሰዓት ያህል ውስጥ ሁለት ሦስት ሜትር ይነሣል ወይም ይወርዳል። በየጊዜው ዞር ብለሽ የት እንደቆምሽ እዪ።

ምንም እንኳ ተጠንቅቀሽ ቢወስድሽስ? ጅረቱ ወደ ታች አይስብም፤ ወደ ውጭ ነው የሚስበው። ሰው የሚሞተው ወደ ዳር ለመመለስ ከጅረቱ ጋር ሲታገል ጉልበቱ አልቆ ነው። በጀርባሽ ተኝተሽ ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አውለብልቢ፣ ጩኺ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ካለፈ በኋላ ጅረቱ ይደክማል። ቦርድ ያለው ሰው ይደርስልሻል። ይህ የሚሆነው ግን መንሳፈፍ ከቻልሽ ነው። መንሳፈፍ ሳትማሪ፣ ወይም ልክሽ የሆነ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሺ፣ ጉልበት ድረስ እንኳ ብቻሽን አትግቢ።

ይህን ቀጥሎ ያለውን ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው። ጓደኛው ሲወሰድ አይቶ ባዶ እጁን ዘሎ የሚገባ ሰው አብሮ ይሰምጣል። የሚሰምጥ ሰው የያዘውን አይለቅም። መጀመሪያ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርወር፤ ቦርድ፣ ላይፍ ጃኬት፣ ክዳኑ የተዘጋ የበረዶ ሳጥንም ይሆናል። ናራንሆ ላይ ነፍስ አድን ሠራተኛ አትጠብቁ። ስልክም እንደማይሠራ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። የኮስታሪካ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 911 ነው፤ ግን ኔትወርክ ከሌለ ቁጥሩ ምን ያደርጋል? ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሊቤሪያ ነው፤ ከዚያ ገደላገደል ወጥቶ ነው የሚደረሰው። ስለዚህ ሦስቱም ሰርፈሮች አንድ ላይ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ተራ ይግቡ፤ አንድ ዋናተኛ ሁልጊዜ ከአንቺ ጋር አሸዋው ላይ ይሁን። ይህን የምትጠይቂው እንደ ውለታ አይደለም። ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል፤ ሰርፈርም ቦርዱ ራሱን መትቶት ይስታል።

አንድ ሌላ ነገር ላክል፣ ንፋሱን። ሰርፈሮች በጥር ወደዚያ የሚሮጡበት ምክንያት አለ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ በኒካራጓ ሐይቅ ዝቅታ በኩል እየተጨመቀ የሚመጣ ብርቱ ንፋስ አለ፤ ፓፓጋዮ ይሉታል። ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ የማዕበሉን ፊት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ለእነሱ ሠርግና ምላሽ ነው። ለአንቺ ግን ያው ንፋስ አደገኛ ነው። በአየር የሚነፋ ጎማ ወይም ፍራሽ ላይ ብትቀመጪ ጠርጎ ወደ ፓስፊክ ይወስድሻል። ማንም ቢሰጥሽ አትቀበይ። ለማይዋኝ ሰው ጎማ የሚገዛ ጓደኛ ደግ አስቦ ነው፤ አንቺ ግን እምቢ በይ። በነገራችን ላይ ያ ንፋስ የላዩን ውሃ ገፍቶ ቀዝቃዛውን ከሥር ያወጣዋል። ሐሩር አገር ነው ብለሽ ሞቃት ውሃ ስትጠብቂ ሊያንቀጠቅጥሽ ይችላል። ደረቅ ልብስ ያዢ።

ሌላው ቀላል ነው። ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ አትሂጂ፤ አዞ አለ። ታማሪንዶ ራሷ ወንዟ ላይ አዞ አላት። ውሃ ዳር ስትራመጂ እግርሽን አታንሺ፤ አሸዋውን እየጎተትሽ ሂጂ። አሸዋ ውስጥ የምትተኛ ጠፍጣፋ ዓሣ አለች፤ ስትረግጫት በጅራቷ ትወጋለች፣ ስትነኪያት ግን ትሸሻለች። ከሁሉ በላይ ዛፉን ተጠንቀቂ። ማንዛኒዮ የሚባል ዛፍ እነዚያ ዳርቻዎች ላይ ይበቅላል። ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፣ ሽታውም ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው። ወተቱ ቆዳ ያቆስላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከሥሩ የተጠለለ ሰው ሳይቀር ይቃጠላል። ጥላ ስትፈልጊ የማታውቂው ዛፍ ሥር አትቀመጪ፣ ፍሬም አትልቀሚ። ጥላ ይዛችሁ ሂዱ።

ፀሐዩን አትናቂ። ናራንሆ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከደሴ ጋር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አናት ላይ የሚወጣው ያው ፀሐይ ነው፤ የደሴ ብርድ ግን የለም፣ አሸዋውና ውሃውም ያንጸባርቃሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አራት አምስት ሊትር ውሃ ያዙ፤ እዚያ የሚገዛ የለም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ብትይዢ ሙቀት አያበላሸውም፣ ፈረንጆቹም ይወዱታል። በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ይመሻል። ያን ገደል በጨለማ እንዳትነዱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሡ። ሰርፈሮች «አንድ ማዕበል ብቻ» ማለት ይወዳሉና ሰዓቱን አንቺ ያዢ።

ዋናውን ተማሪ ያልኩት የምሬን ነው። ለዚህ ጉዞ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ከእኔ የሚበልጡ እናቶች ነበሩ፣ ማንም አልሳቀብንም። በምትኖሪበት አካባቢ በየካውንቲው የመዋኛ ገንዳ ለአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት አለ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ራሱን ይችላል የሚለው አምስት ነገር ሲያደርግ ነው። ከቁመቱ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ብቅ ማለት፣ አንድ ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባለበት መቆየት፣ ዞሮ መውጫውን መፈለግ፣ 25 ያርድ መዋኘት፣ ያለ መሰላል መውጣት። አሠልጣኝሽን «እዚህ ድረስ ልድረስ» በያት። እስከ ጥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብትችይ ትልቅ ነገር ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ የገንዳ ዋና የናራንሆ ዋና አይደለም። ሁሉንም ብትችይም በዚህ ጉዞ የጉልበቱ ልክ አይለወጥም።

ጓደኞችሽ ቢያኮርፉስ? ሁለት ሰዓት ያህል ያኮርፉ ይሆናል። «ለምን አልነገርሽንም?» ይሉሻል፤ «አፍሬ ነው» በያቸው። ሰርፍ የሚያደርግ ሰው ባሕርን ስለሚያውቅ ከማንም በላይ ይገባዋል ብዬ እገምታለሁ። ነግረሻቸውም «ምንም አትሆኚም፣ ላይፍ ጃኬት አድርገሽ ዝለይ» ካሉሽ ግን የዚያን ቀን አትሂጂ። ላ ካሶናን ከአራተኛዋ ጋር እዩ፣ ወይም ታማሪንዶ ላይ ዋዪ። የቀረውን ሳምንት አብራችሁ ትሆናላችሁ።

የጀማሪዎች ትምህርት ቦታው ቶሎ ይሞላል። ዛሬ ማታ ተመዝገቢ፤ መልእክቱንም የመመዝገቢያውን ደረሰኝ አያይዘሽ ላኪላቸው። ከጉዞው ስትመለሺ ጻፊልኝ፤ ላ ካሶናን እንዴት እንዳገኘሽው መስማት እፈልጋለሁ።